ሰማያዊውን ዓሣ የማውጣት ነገር

ጥቅምት 3

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እጅሽ ከማተሚያ ቤቱ ሙጫ ጸድቶ፣ እማዬም በመስኮቷ ሥር ተቀምጣ የመንገዱን ሰው እያማች እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትይኛለሽ። የቤቱን ስልክ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ጋሼ ነው። እማዬን አቅርብልኝ ስለው ተኝታለች ይለኛል። ጠዋት ብደውል ተኝታለች፣ ቀትር ላይ ብደውል ተኝታለች። እማዬ ደግሞ እንዲህ እንቅልፋም ሰው አልነበረችም። በጋሼ ቅር ተሰኝቼ አይደለም፤ የአባባ ወንድም ነው። አባባ ካረፈ በኋላ አንቺ ቀኑን ሙሉ ጥረዛ ክፍል ስለምትውዪ እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ «የኔ ክፍል ባዶ ነው፣ መጥቶ ይቀመጥ» ያልኩትም እኔው ነኝ። ብቻ ድምፅዋን ከሰማሁ ቆየሁ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ይህን ክፍል ስከራይ የቀድሞው ተከራይ ከነነፍሱ ጥሎት የሄደ የመስታወት ሳጥን አግኝቻለሁ ብዬሽ ነበር። አኳሪየም ይሉታል። ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ አይበልጥም። ውስጡ የጨው ውሃ፣ ባለቀዳዳ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ ኮራል የሚባል ፍጥረት አለ። ዓሣዎቹ ሁለት ብርቱካናማ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሞተ። ሚስትየው ከዚያ ወዲያ በድንጋዩ ዙሪያ ብቻዋን ስትዞር ሳያት አንጀቴን በላችኝና ጓደኛ ልገዛላት ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። እዚያ አንድ የጣት ያህል ሰማያዊ ዓሣ አየሁ፤ ቀለሙ ከሐር ጨርቅ ያስንቃል። ሻጩ «ሳጥንሽ ትንሽ ከሆነ ይሄ አይሆንሽም» አለኝ። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ዓይኔ የወደደውን ጆሮዬ አይሰማም።

መጀመሪያ ጨዋ ነበር። ቦታውን ከለመደ በኋላ ግን እሷ የምታድርበትን ጉድጓድ ወሰደ። ቀጥሎ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ የሳጥኑን ወለል በሙሉ። አሁን እሷ የምትኖረው ከላይ ማዕዘኑ ላይ፣ ከውሃ መግፊያው ሞተርና ከመስታወቱ መካከል ነው። ዝቅ ካለች እየተወረወረ ይነክሳታል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሲባል እሰማ ነበር፣ ይኸኛው ግን መላ አካሉን ነው የታጠበው። ስሙን «ጌታው» ብዬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ መረብ ይዤ አባረርኩት። እሱ ሃያ ቀዳዳ ያውቃል፣ እኔ አንድ እጅ ነው ያለኝ። መጨረሻ ላይ የተሰበረው የኮራሉ ቅርንጫፍ ነው፤ የፈራችውም እሷ ናት፤ ዘላ ከሳጥኑ ልትወጣ ነበር። ሳላወጣው እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ አልፎክርም። እየተኛሁም ቢሆን አወጣዋለሁ።

የላክሁት ብርድ ልብስ ደረሰ ወይ? እማዬን በየትኛው ሰዓት ብደውል እንደማገኛት ጻፊልኝ።

ታናሽሽ
ሚጢጢ

ኅዳር 9

ለተወደድሽው ሚጢጢዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እጄ ከሙጫ አልጸዳም። የተማሪ ደብተር የሚጠረዝበት ወቅት ነውና ይህ ወረቀት ጣትሽ ላይ ቢጣበቅ አትገረሚ።

ሁላችንም ደህና ነን። ብርድ ልብሱ ደርሷል፤ በጣም ይሞቃል። እናትሽ፣ አክስቴም ደህና ናት። ሰሞኑን የጓዳውን ክፍል ወዳዋለች፤ ከመንገዱ ጫጫታ ይሻለኛል ትላለች። ስልክ የምትደውዪበትን ሰዓት አስቤ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትልኪ በቤቱ ሳይሆን በማተሚያ ቤቱ አድራሻ አድርጊው። እዚህ ቶሎ ይደርሰኛል።

ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ ስንት ነገር ይሠራል፣ አንቺ ዓሣ ታስታርቂያለሽ። እኔ ብሆን ጠብሼ በልቼው ነገሩ በአንድ ምሳ ያልቅ ነበር። ደብዳቤሽን ጓዳ ገብቼ ለአክስቴ ሳነብላት ሳቀች፤ አፏን በእጇ ይዛ እስኪያስላት ሳቀች። ሳነብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለነበር አንዳንዱን ሁለቴ አስደገመችኝ። መጨረሻ ላይ «እዚያ ማዕዘን ላይ ምግብ ይደርሳታል?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ አልኳት። «ጠይቂልኝ» አለች። ይኸው ጠየቅሁሽ።

ጋሼ ሰላም ብሎሻል። ማለቴ፣ ብጠይቀው ይልሽ ነበር።

እትዬሽ

ኅዳር 28

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያንቺና የእማዬ ጤና የኔም ጤና ነው። ደብዳቤሽ እውነትም ጣቴ ላይ ተጣብቋል።

ለእማዬ ንገሪልኝ፤ ምግብ ይደርሳታል፣ ግን በመከራ ነው። መድኃኒት በሚያንጠባጥቡበት የፕላስቲክ ቱቦ ምግቡን ስቤ እዚያው ማዕዘኗ ድረስ አደርስላታለሁ። አንድ ሁለቴ ትጎርሳለች። ከዚያ ጌታው ከታች ሽቅብ ይመጣና ፊቷ ቆሞ ያያታል። አይነክሳትም፤ ማየት ብቻ ነው። እሷ ታዲያ አፏን ትዘጋለች።

ወጥመድ ሠራሁ። የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ ገልብጬ ሰካሁት፤ የገባ እንዳይወጣ። ውስጡ ምግብ አድርጌ ከድንጋዩ ጥግ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የተያዘው ቀንድ አውጣ ነው። ቀጥሎ ሽሪምፕ የሚሉት እግረ ብዙ ነገር ገባ። ጌታው በወጥመዱ በር ላይ ይቆምና ይመረምራል፤ ልብስ ስፌት ሱቃችን መጥተው ሱሪ ሳያሳጥሩ የሚሄዱ ደንበኞች አሉ፣ ልክ እንደነሱ። በመጨረሻ ማን ገባ መሰለሽ? እሷ። ብርቱካናማዋ። ላወጣት ፕላስቲኩን ባዘነብለው፣ ብነቀንቀው፣ አልወጣም አለች። ለካ እዚያ ውስጥ ማንም አይነካትም። ወጥመድ ውስጥ ተደላድላ ተቀምጣ ሳያት፣ እትዬ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በነጋታው ያንቺን ደብዳቤ መልሼ አነበብኩ። እማዬ የመንገድ ጫጫታ ጠልታ ጓዳ ገባች ያልሽውን። እማዬ ጫጫታ ወዳድ ናት። ከመንገድ የሚሰማ ጠብ ካለ ምድጃ ላይ ያለው ቢያርም መስኮቷን አትለቅም። ታዲያ የመስኮቷ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

ፎቶ ላኪልኝ። ወንበሯ ላይ ሆና፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ትናንት ደውዬ ነበር። ጋሼ «እኔ እያለሁ ምን ታስቢያለሽ» አለኝ። እማዬስ አልኩት። ተኝታለች።

ሚጢጢ

ጥር 15

ለውዷ ሚጢጢ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፣ ሥራ በዛብኝ።

ፎቶ አንሺው ሱቁን ዘግቶ ሰንብቷል። ሲከፍት አያለሁ።

እቃ የምትልኪ ከሆነ ከእንግዲህ በጋሼ ስም አታድርጊው። እንዲያውም ለጊዜው ምንም አትላኪ። ይልቅ የዓሣውን ነገር ጻፊልኝ። አክስቴ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ከወጥመዱ አወጣሻት?

አክስቴ ትንሽ ቀጠን ብላለች። ሌላ ነገር የለም።

እትዬሽ

ጥር 30

እትዬ፣

ሰላምታው በልቤ ነው፣ ዛሬ ግን ከሰላምታ አልጀምርም።

ፎቶ አንሺው ሱቅ አልተዘጋም። ብርድ ልብሱ ያለው ጋሼ አልጋ ላይ ነው። የመስኮቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጋሼ ነው። ስልኩ ወንበሩ አጠገብ ስለሆነ የሚያነሳው እሱ ነው። ደብዳቤ በማተሚያ ቤቱ በኩል ይምጣ ያልሽኝ ቤት የሚመጣውን የሚከፍተው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚህ ውስጥ የተሳሳትኩት ካለ ጻፊልኝ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ የቀረውን ጻፊልኝ። ቀጠን ብላለች ማለት ምን ማለት ነው? ትበላለች ወይስ አትበላም?

እኔ ደደብ ነኝ፣ እትዬ። ባሏ የሞተባት አሳዘነችኝና ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ጌታ አመጣሁባት። አንዴ ያደረግሁት አልበቃኝ ብሎ ሱቅ ድረስ ሄጄ ደገምኩት። ዓሣውን የገዛሁ እኔ፣ ጋሼን ና ግባ ያልኩም እኔ። ስለዚህ ውጣ የምለውም እኔ ነኝ። ለጋሼ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። ያንቺን መልስ ሳላገኝ አልልከውም፣ ግን አትዘግዪብኝ።

ብርቱካናማዋን ከወጥመዱ አውጥቻታለሁ፤ ማዕዘኗ ላይ ናት። ዓሣ ሻጩን ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቀው መጀመሪያ አልነገርኩሽም ነበር ወይ ብሎ ልቤን አደረቀውና፣ በኋላ «አታባርሪው። ድንጋዮቹን አውጪ» አለኝ። ሁሉንም? ሁሉንም። ከዚያ አምጪው፣ ትልቁ ገንዳዬ ውስጥ ቦታ አለኝ አለ። ኮራሉ የተተከለበትን፣ ስንት ዘመን የኖረውን ድንጋይ ሁሉ ማፍረስ አስፈራኝ። ግን ቆርጫለሁ።

ሚጢጢ

የካቲት 12

ለሚጢጢዬ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ የወረቀት መቁረጫው መኪና አጠገብ ቆሜ ነው። ከጻፍሽው ውስጥ የተሳሳትሽው የለም።

እስከዛሬ ያልነገርኩሽ አክስቴ ስላስማለችኝ ነው። «ልጄ ብቻዋን በሰው አገር ናት፣ እንቅልፍ እንዳትነሺያት» ብላኛለች። አሁን አንቺው ስለጻፍሽው መሐላዬን አላፈረስኩም።

ክፉ ሰው ነው አልልሽም። እጁን አያነሳም፣ አይሳደብም። መጀመሪያ ወገቤን አመመኝ ብሎ ለአንድ ቀን ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም አመመው። ቲቪውን ወደ ወንበሩ አዞረው። አክስቴ ምንጣፉ ላይ ስትራመድ የእግሯ ኮቴ ይረብሸኛል አለ። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ወሬውን እሱ ይጨርሰዋል። ምንም ሳይናገር ብቻ፣ እሱ ካለበት ክፍል ሁሉም ሰው ቀስ እያለ ይወጣል። እኔም ራሴ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በእግሬ ጣቶች መግባት ጀምሬያለሁ፤ ይህንን ስጽፍልሽ ነው ያስተዋልኩት።

የምግቡ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ «ስታላምጪ ድምፅ ታሰሚያለሽ፣ ቀስ በይ እንጂ» አላት። እኔም ነበርኩ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እሱ ፊት በልታ አታውቅም። ጓዳ አስገብቼላት እንኳ ጥቂት ትቀምስና በሩን ታያለች። ባለፈው ሳምንት ቀሚሷን አጠበብኩላት። አንቺ ብትኖሪ በደንብ ትሰፊው ነበር።

ለጋሼ የጀመርሽውን ደብዳቤ ግን ቅደጂው። ብትልኪው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። በየጎረቤቱ እየዞረ የወንድሜ ልጅ ከቤት አስወጣችኝ ይላል። አክስቴ ይሉኝታ ይገድላታል፤ እግሩ ላይ ወድቃ አትሂድብኝ ትለዋለች። ያኔ እስከ ዕለተ ሞቱ አይወጣም። ደግሞ መሄጃ አጥቶ አይደለም። ርዕሰ መምህርቷ ልጁ ባለግቢ ቤት አላት፤ አባዬ ና እያለች ስትለምነው ኖራለች። «ልጄ ታዘኛለች» ይላል።

እኔም እንደ አንቺ ቆርጫለሁ፣ በየት በኩል እንደሚጀመር ብቻ ጠፋኝ። ስለዚህ ድንጋዮቹን ስታወጪ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ከየትኛው ጀመርሽ? እሱስ ምን አደረገ? እሷስ?

እትዬሽ

መጋቢት 2

ይድረስ ለእትዬ፣ ለእማዬም እንዲነበብ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ወጣ።

ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። ስለ እማዬ ማንኪያ የጻፍሽልኝን ያነበብኩ ዕለት ሱቅ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ሱሪ አንዱን እግር ብቻ አሳጥሬ ሰጥቼዋለሁ። ልብስ ተኳሿ ባልደረባዬ ባታይልኝ ኖሮ ሰውዬው እንደዚያው ለብሶት ሊሄድ ነበር። እሷው ናት እሑድ ልታግዘኝ የመጣችው፤ ባልዲ ይዛ፣ መጋረጃ የምታጥብበትን ሰፊ ሳፋም ጨምራ።

መጀመሪያ የጨው ውሃ በጠበጥን፤ ልክ እንደ ሳጥኑ ውሃ ጨዉም ሙቀቱም እኩል መሆን አለበት። ከዚያ መረቡን አልጋ ሥር ወረወርኩት። በትንሹ ድንጋይ ጀመርኩ፤ ማንም ከማይደበቅበት። ቀስ ብዬ አንስቼ ባልዲ ውስጥ። ጌታው ብቅ ብሎ አየኝና ተመልሶ ገባ። ሁለተኛውን አነሳሁ። ያኔ እኔ ምናገባኝ ዓይነት ነገር ሆነ። ኮራሉ ያለባቸውን ስናወጣ ተኳሿ እርጥብ ፎጣ ታለብስልኝ ነበር። ድንጋይ በተነሳ ቁጥር እሱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አልሮጥኩበትም። አልጮኽኩበትም። እሱን ጭራሽ አላየሁትም፣ እትዬ። የማየው ድንጋዩን ብቻ ነው። መደበቂያውን ነው አንድ በአንድ ያነሳሁት።

ውሃው ደፈረሰ። እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። ተኳሿ ይበቃናል፣ ዓሣው ሁሉ ሊያልቅ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያኔ ልቤ ሊከዳኝ ነበር። ግማሹን አፍርሶ መተው ግን ከመጀመሪያው ካለመንካት ይብሳል፤ ቀጠልኩ።

የመጨረሻውን ትልቁን ድንጋይ፣ ያንን የእሷ ጉድጓድ ያለበትን፣ በሁለት እጄ ብድግ አደረግሁት። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ብፈልግ ጌታው የለም። ሳፋው ውስጥ የለም። ወለሉ ላይ የለም። ደነገጥን። ለካ እቅፌ ውስጥ ነው ያለው። ጉድጓዱን ለቆ ላለመውጣት ብሎ ከነድንጋዩ ወጥቷል። ባልዲው ላይ ዘንበል ሳደርገው ጠብ አለ። ማንም አልገፋውም። አልለቅም ያለው እሱ ነው፣ በገዛ እጁ ነው የወጣው።

ድንጋዮቹን መልሰን ስናስገባ እንደ ድሮው አልደረደርናቸውም፤ አዲስ አድርገን ነው። ጌታውን ዓሣ ሻጩ ወሰደው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ከሱ የሚበልጡ ሞልተዋል። አንዲት ግዙፍ ዓሣ አጠገቡ ስታልፍ መንገድ ሲለቅላት አየሁት። እንዲህ ጨዋ መሆን እንደሚችል ማን አወቀ። ደስተኛም ይመስላል፣ አልዋሽሽም።

ውሃው በማግስቱ ጠራ። እሷ ግን ማዕዘኗ ላይ ናት። ያ ሁሉ ድንጋይ ሲወጣና ሲገባ ከሞተሩ ጀርባ አልወጣችም። ወለሉ በሙሉ የሷ ነው፤ ሄዶልሻል ብዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ምግብ ሳወርድላት አሁንም ቁልቁል ታይና አፏን ትዘጋለች።

ሚጢጢ

መጋቢት 24

ለምወድሽ ሚጢጢ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሰላምታ የምልክልሽ ከቤት ነው፤ ከሳሎን፣ ጠረጴዛ ላይ ተደላድዬ።

ደብዳቤሽን ለአክስቴ ያነበብኩላት ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ነው። ስጨርስ «እስቲ ድንጋዩን ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ውሃው ደፍርሶ ቀረ ወይስ ጠራ?» አለች። ጠራ ብላለች አልኳት። እኔም ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሽርጥ አገልድማ ከጓዳ ወጣችና ሳሎኑ መሐል ቆመች። «ቤቱ ሊቀባ ነው» አለች። ለማን እንደተናገረች አልገባኝም። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን መሰላል ተሸክሞ። ለካ ዓርብ እኔ ሥራ ሳለሁ ራሷ ሄዳ ጠርታዋለች። ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

በትንሿ የአበባ ማስቀመጫ ጀመረች። ቀጥሎ ምንጣፉን። ከዚያ ወንበሩ ጋ ደረሰች። «ወንድሜ፣ ተነሣልኝ፣ ቀለም ይነካዋል» አለችው፤ በትሕትና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ተነሥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሶፋው ወጣ። ዱካ ላይ ተቀመጠ። ዱካው ወጣ። ቲቪው ተነቅሎ በአንሶላ ተጠቀለለ። ስልኩንም ጠቀለለችው። ጋሼ መቀመጫ ሲያጣ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ላይ ወጣና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። አሞኛል አለ።

እኔም እቃው ሲከብደን ሮጬ ከማተሚያ ቤት ሁለት ጠራዦች ለእገዛ አምጥቼ ነበር፤ የወረቀት ጥቅል ሲሸከሙ የኖሩ ጎረምሶች ናቸው። ምን እናድርግ ብለው እኔን ያያሉ፣ እኔ አክስቴን አያለሁ። አክስቴ ወደ ክፍሉ ገባችና ግንባሩን ዳሰሰችው። «ውይ፣ ወንድሜን አትቀስቅሱት» አለች። «የቀለም ሽታ ለደረቱ አይሆነውም። ከነአልጋው ቀስ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ አውጡልኝ።»

ሚጢጢ፣ ከነአልጋው ወጣ። እንቢ እንዳይል አሞኛል ብሏል፣ ልነሣ እንዳይል ሰው ቆሞ ያየዋል። ጠራዦቹ እንደ ብርጭቆ ተጠንቅቀው ነው የተሸከሙት። በረንዳ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ የልጁ መኪና በር ላይ ቆሟል። አክስቴ ዓርብ ዕለት እሱ ገላውን ሲታጠብ ደውላላት ኖሯል፤ የቀለም ሽታ ለአባትሽ ስለማይሆነው ትንሽ ቀን ውሰጂው ብላ። ርዕሰ መምህርቷ ስትወርድ «አባዬ፣ ጫማ አድርግ፣ እንሂድ» አለችው። ያንን ሰውዬ እንዲያ ፈጥኖ ጫማ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

አልጋውም አብሮት ተጫነ። «ያለ አልጋው እንቅልፍ አይወስደውም» ብላ አክስቴ ናት ያስጫነችው። ብርድ ልብሱንም እንዳይበርደው ብላ ሰጠችው፤ ስለዚህ ሌላ ትልኪያለሽ። ማንም ሰው ውጣ የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ለባሏ ወንድም የምታስብ ደግ ሴት እያለ ነው የሚያወራው።

ክፍልሽ ተቀብቶ ያንቺ አልጋ ተመልሶበታል። ሳሎኑን እንደ ድሮው አልደረደርነውም። በሳምንቱ ጋሼ ደወለ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ልስማው አለችና ጆሮዋን አስጠጋች። «ቀለሙ ደረቀ?» ይላል። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «ሁለተኛ ቅብ ይቀረናል» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ልጁ እንደነገረችኝ ከሆነ ወደ ምግብ ጠረጴዛ ሲቀርብ እጁን ታጥቦ ነው፣ ሳህኑንም ራሱ ያነሳል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከእንግዲህ ልደብቅሽ አልችልም። አክስቴ አሁንም ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ከኔ ጋር ትቀመጣለች፣ አንድ ሁለቴ ትቀምሳለች፣ ከዚያ በሩን ታያለች። እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። የሚከተለውን ራሷ ናት ጻፊ ያለችኝ፦

ልጄ፣ ስለ ዓሣ ብቻ የምታወሪ መስሎሽ ነበር፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው ደብዳቤ ነው የገባኝ። ያቺ ማዕዘን ላይ ያለችው አትቸኩዪባት። ሄዷል ብለሽም አትንገሪያት። ምግቡን ታች አድርጊውና አንቺ ወደ ስፌትሽ ዙሪ። አጠገቧ ቆመሽ በላች አልበላች እያልሽ አትያት። የበላች ዕለት ንገሪኝ።

እትዬሽ፣ ከአክስቴ ጋር

ሚያዝያ 10

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላም ለቤታችን ከነአዲሱ ቀለሙ። አዲሱ ብርድ ልብስ በመንገድ ላይ ነው፤ በእማዬ ስም።

እማዬ እንዳለችው አደረግሁ። ምግቡን ታች ድንጋዩ ሥር አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጠኋትና ስፌቴን ቀጠልኩ። ማየት ያምረኛል፣ እጄን በመርፌ እየወጋሁ ቻልኩት። ሰሞኑን ሁሉ እንዲያ ስናደርግ ቆይተን፣ እሑድ ከቀትር በፊት ክር ላነሳ ዞር ብል ማዕዘኑ ባዶ ነው። ደነገጥኩ። ከዚያ ታች አየኋት፤ ትልቁ ድንጋይ ሥር፣ የድሮ ጉድጓዷ በር ላይ፣ አሸዋውን እየጠረገች ትበላለች። ሙሉ ወለሉን ዞራ ነው የበላችው።

እኔም ሮጬ ስልክ ደወልኩ። እንደ ልማዴ «ጋሼ፣ እንደምን ዋልክ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሃሎ» አለችኝ እማዬ።

እሷው ናት፣ እትዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ማን ልበል አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ቀጥሎ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋኝና «በላች» አልኳት።

«እሰይ» አለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ አልመጣልኝም፤ አፏ ሞልቶ ነበር። ስታላምጥ እስከዚህ ድረስ ይሰማል። «በይ እኔም ምሳ ላይ ነኝ፣ ይቀዘቅዝብኛል፤ ቆይተሽ ደውዪ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሚጢጢ